ርግበት፦ መላላትም ልክ አለው

ርግበት (ስም)፦ የአነስተኛ ኤክስካቫተር ወይም ሎደር ሰንሰለት ከመሬት ተነስቶ ሲንጠለጠል ወደ ታች የሚረግብበት መጠን። በሚሊሜትር ይለካል። በእንግሊዝኛ «ትራክ ሳግ» ይባላል።

«ትራክ» በፊደላችን ሲጻፍ ከጭነት መኪናው ስም ጋር ስለሚምታታ እዚህ «ሰንሰለት» ብለነዋል። ስሙ በደንብ የሚስማማው እርስ በርሱ ለተቆላለፈው የብረት ዓይነት ነው። ብዙዎቹ ትናንሽ ማሽኖች የሚጫሙት ግን ውስጡ ብረት ያለበትን አንድ ወጥ የጎማ ቀበቶ ነው። የርግበት ነገር ለሁለቱም ይሠራል።

የማሽን መመሪያዎች ብዙ ጊዜ «ቴንሽን» ይላሉ። ታዲያ «ውጥረት» ብለን ለምን አልተረጎምነውም? «ውጥረት» የሰማ ሰው መወጠርን ያስባልና ነው፤ ሰንሰለቱን እንደ ከበሮ ቆዳ ገትሮ ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል። ከልክ በላይ የተወጠረ ሰንሰለት ግን የሞተር ጉልበት ይበላል፤ ሮለር የሚባሉትን የታች ሽክርክሪቶች፣ ስፕሮኬት የሚባለውን ጥርሳም ሽክርክሪትና ራሱንም ያለ ጊዜው ያስረጃል። ከልክ በላይ የረገበው ደግሞ ማሽኑ ሲታጠፍ እንደ ብስክሌት ካቴና ይወልቃል። የሚፈለገው የተለካ ልልነት ነው፤ «ረገበ» ከሚለው ግስ የወጣው ቃል ይህን ይይዛል።

ለመለካት ማሽኑ ደልዳላ ቦታ ይቆማል። ኦፕሬተሩ ባኬቱን መሬት ላይ ተጭኖ አንዱን ጎን ያነሳና ሰንሰለቱን አሽከርክሮ ጭቃውን ያራግፋል። ከመካከለኛው ሮለር ሥር እስከ ሰንሰለቱ ውስጠኛ ገጽ ያለው ክፍተት ርግበቱ ነው። የጎማ ሰንሰለት ባላቸው አንዳንድ አነስተኛ ኤክስካቫተሮች ልኩ ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር ነው፤ ለእያንዳንዱ ማሽን ግን የሚሠራው የራሱ መመሪያ ነው።

ርግበቱ የሚስተካከለው በግሪስ ነው። ግሪስ ሲጨመር የሚገባበት ሲሊንደር አይድለር የሚባለውን የፊት ሽክርክሪት ወደ ፊት ይገፋል፤ ርግበቱ ይቀንሳል። የሲሊንደሩ ቫልቭ ሲላላ ግሪሱ ይወጣል፤ ርግበቱ ይጨምራል። ሰንሰለት ማውለቅም የሚጀምረው ከዚሁ ነው፤ በደንብ ካልረገበ ከአይድለሩ ላይ አይወርድም። አዲሱ ሲገባ መጀመሪያ ስፕሮኬቱ ላይ ይጠለቃል፤ ቀጥሎ አይድለሩ ላይ።

በአነጋገር፦ «የቀኙ ርግበት በዝቷል፣ ግሪስ ጨምርበት»፤ «ርግበቱን ሳትለካ አትወጥር»።

ቫልቩን የሚፈታ ሰው ፊቱን ከቫልቩ አቅጣጫ ያርቅ፤ በዝግታም ይፍታ። ውስጥ ያለው ግሪስ ከፍተኛ ግፊት አለው፤ ቆዳ በስቶ ይገባል። ከገባ ቀዳዳው የመርፌ ጫፍ ቢያክልም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ነው።