ውኃ የማያሰርግ ገጽ

የከተማ ፕላንና የውኃ ምህንድስና ባለሙያዎች «ኢምፐርቪየስ ሰርፌስ» የሚሉት ነገር አለ። በአማርኛ «ውኃ የማያሰርግ ገጽ» ብንለው ይገልጸዋል። ዝናብ ሲያርፍበት ወደ ውስጥ ሳያስገባ የሚያፈስስ ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል፤ አስፋልት፣ የሲሚንቶ ግቢ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ መኪና የጠቀጠቀው ባዶ መሬትም ጭምር።

የከፋ ዞን ከተማ በሆነችው ቦንጋ ነገሩ በጣም ያሳስበኛል። ከፋ ዝናብ ከዓመቱ አብዛኛውን ወር የማይለየው አገር ነው። ጫካ ውስጥ ያ ዝናብ ብስባሽ ቅጠል ላይ ያርፋል፣ የዛፍ ሥር ተከትሎ ይሰርጋል፣ ቆይቶ በምንጭ ይወጣል። ቦንጋ ግን ኅዳር 2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ናት። መንገዱም ሕንፃውም መብዛቱ አይቀርም፤ ሊበዛም ይገባል።

1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውኃ ነው። 7 ሜትር ስፋትና 1 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው አስፋልት 20 ሚሊ ሜትር ሲዘንብበት 140 ሺህ ሊትር ይወርድበታል፤ አብዛኛው ይፈስሳል። ሲፈስስም ከጋራዥ የተንጠባጠበውን የተቃጠለ ዘይት፣ የላቫጆውን ሳሙና፣ የጎማና የፍሬን ብናኙን፣ ፌስታሉን፣ እበቱን ጠርጎ ነው። ብዙውን ጊዜ ከደረቅ ቀናት በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ዶፍ ከሁሉ ይቆሽሻል። ቁልቁለት ደግሞ ወደ ወንዝ ያፈጥነዋል። ብዙዎቹ የዞኑ ወንዞች በጎጀብ በኩል ኦሞ ወንዝ ይገባሉ፤ ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የመዘገበው የከፋ ባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራም ያለው እዚሁ ምድር ላይ ነው።

ጎርፍ ሲያስቸግር መጀመሪያ የሚታሰበው ቦዩን ማስፋት ነው። እኔን ይህ ብቻውን አያሳምነኝም። ሰፊ ቦይ ጎርፉን ከደጃችን ያርቅልናል እንጂ አያጣራውም፤ ቆሻሻውን ከነሙሉ ጉልበቱ ወንዝ ያደርሰዋል። ከታች ውኃ የሚቀዱና ከብት የሚያጠጡ ሰዎች አሉ። የሚሻለው ውኃውን መንገድ ላይ ማዘግየት ነው፦ ቦዩ ወንዝ ከመግባቱ በፊት ሣር ወይም ረግረግ ላይ ቢያልፍ ደለሉና ከደለሉ ጋር የተጣበቀው ዘይት በአብዛኛው እዚያ ይቀራል። ረግረጉን ደፍኖ ቤት መሥራት ይህን አገልግሎት ማጥፋት ነው። የጣሪያውን ውኃ በአሸንዳ ወደ ሮቶ መመለስም ከጎርፉ ይቀንሳል። ኮብልስቶን ሲነጠፍ ደግሞ ክፍተቱ በአሸዋ ከተሞላ የተወሰነው ዝናብ ይሰርጋል፤ በሲሚንቶ ከተደፈነ ግን ከአስፋልቱ ብዙም አይለይም።