የመተማ መንገድ እና የፓሪስ ሙዚየም

ፓሪስ የሚገኘው የኬ ብራንሊ ሙዚየም ከአፍሪካ ካሰባሰባቸው ቅርሶች መካከል የጎንደሩ አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ይገኛሉ። የተሣሉት በጥጥ ጨርቅ ላይ ሲሆን ጨርቁ በግድግዳው ላይ ተለጥፎ የኖረ ነው። ቅዱሳኑ ፈረስ ላይ ተቀምጠው ሙሉ ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ አዙረዋል፤ ዓይኖቻቸው ሰፋፊ ናቸው። በዘመኑ የጎንደር ሥዕል ሥርዓት ክፉው ሰው በጎን ስለሚሣል የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ትውፊቱ የቤተ ክርስቲያኑን መሠረት ከ1667 እስከ 1682 እ.ኤ.አ. ለነገሡት ለዓፄ ዮሐንስ አንደኛ ይሰጣል። ብዙ ጎብኚ እነዚህን ሥዕሎች የሚያያቸው በጎንደር ጥበብ ታሪክ ብቻ ነው። እኔ ግን የመተማ መንገድ ታሪክ አካልም ናቸው እላለሁ፤ የማን ናቸው የሚለው ጥያቄም የሚብራራው መንገዱ ሲታወቅ ነው።

መተማ ዮሐንስ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው ዓፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1889 የወደቁበትን ጦርነት ነው። ማስታወሱም ተገቢ ነው፤ ከተማው በስማቸው ይጠራል። ሆኖም ይህ የሱዳን ድንበር ቆላ ከዚያ በፊትም ጎንደርን ከሰናርና ከግብፅ ጋር ያገናኝ ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ ዓፄ ኢያሱ አንደኛን ለማከም ከካይሮ ተነሥቶ በሰናር በኩል በ1699 ጎንደር ገባ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1771 መጨረሻ ጎንደርን ለቆ በዚሁ ቆላ በኩል ወደ ሰናር ሲወርድ መጻሕፍት ይዞ ነበር። ወደ አውሮፓ ካደረሳቸው የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ። በ1888 ደግሞ የሱዳን መሐዲስቶች ጦር በዚህ አቅጣጫ መጥቶ ጎንደርን ዘረፈ፣ አብያተ ክርስቲያናቷንም አቃጠለ።

ከዚህ ሁሉ ጋር ስናስተያየው የፈረንሳዊው ተመራማሪ የማርሴል ግሪዮል ጉዞ ለብቻው የቆመ ክስተት አይደለም። የፈረንሳይ ምክር ቤት በመጋቢት 1931 ልዩ ሕግ አውጥቶ የደገፈው፣ ግሪዮል የመራው የዳካር–ጅቡቲ ልዑክ ከቦርዶ ወደብ ተነሥቶ አፍሪካን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አቋረጠ። በ1932 ከመተማ ማዶ በሱዳን በኩል ያለችው ጋላባት ደርሶ ለሳምንታት ከቆየ በኋላ በመተማ በኩል ገብቶ ጎንደር ከተመ። ኢትዮጵያ ያን ጊዜ የመንግሥታት ማኅበር አባል፣ ጉምሩክና ድንበር ያላት ነጻ አገር ነበረች፤ ልዑኩም በድንበሩ ላይ ፈቃድ መጠበቅ ግድ ሆኖበታል። የልዑኩ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ የዕለት ውሎውን መዝግቦ በ1934 አሳተመ፤ ሠዓሊው ጋስቶን ሉዊ ሩ ደግሞ ለአባ እንጦንስ ምትክ ሥዕሎችን ሠራ። ኦሪጅናሎቹ ተነሥተው ልዑኩ በታኅሣሥ ወደ ኤርትራ ሲያመራ አብረው ወጡ፤ ከልዑኩ የተገኙ ከ300 በላይ የብራና መጻሕፍትም ዛሬ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ብሩስ የሄኖክ ቅጂዎችን ቢወስድም ሄኖክ በየገዳማቱ መነበቡን አላቋረጠም። ግሪዮል ግን ዋናውን ወስዶ ቅጂውን ተወ። እኔ ትልቁን ልዩነት የማየው እዚህ ላይ ነው።

ካህናቱ ተስማምተዋል፣ የቤተ ክርስቲያኑም ግድግዳ በአዲስ ሥዕል ተሸፍኗል የሚል መከራከሪያ ይነሣል። ስምምነት መኖሩን አልክድም። ነገር ግን የቤተ ክርስቲያን ንብረት የታቦቱና የምዕመናኑ ነው፤ ካህን ይጠብቀዋል እንጂ አይሸጠውም። ከመንግሥት ጥበቃ ጋር የመጣ ሀብታም ልዑክና የደኸየ ደብር የተዋዋሉትን ውልም እኩል ባለ መብቶች እንዳደረጉት ውል ማየት ይከብዳል። ሌላው ሙግት ሥዕሎቹ ባይወሰዱ ኖሮ ጠፍተው ነበር የሚለው ነው። ይህ ክብደት አለው፤ በ1941 ጎንደር የጦር አውድማ ሆና ነበርና። ግን ከ1888ቱ ቃጠሎ የተረፈችው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከጣሪያዋ ከሚመለከቱት የመላእክት ፊቶች ጋር ዛሬም ቆማለች። ጥሩ ጠባቂነት ምስጋና ያስገኛል፣ ባለቤትነትን ግን አያስተላልፍም።

አሁን ባለው የጸጥታ ችግር ሥዕሎቹ ወዴት ይመለሳሉ የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ከቅንነት ነው። ለዚህ የምሰጠው መልስ ባለቤትነትን ማወቅና ዕቃውን ማጓጓዝ ሁለት የተለያዩ እርምጃዎች ናቸው የሚል ነው። ፈረንሳይ የሥዕሎቹን ባለቤትነት ዛሬ አውቃ፣ ጎንደር ተገቢ ማቆያ እስኪኖራት ድረስ በአደራ ልትጠብቃቸው ትችላለች። በፓሪስ የሚለጠፈው መግለጫም ሥዕሎቹ እንዴት ከግድግዳ እንደተነሡ፣ ልዑኩ በመተማ እንደገባ፣ ሥራውም በማን ፈቃድ እንደተሠራ ይናገር። የፈረንሳይ ሕግ የመንግሥት ስብስብ እንዳይወጣ ይከለክላል የሚለው ምክንያት ደግሞ ከቤኒን በኋላ ኃይሉን አጥቷል፦ በታኅሣሥ 2020 በወጣ ልዩ ሕግ ከአቦሜ ቤተ መንግሥት የተወሰዱ 26 ቅርሶች በ2021 ተመልሰዋል። ለአባ እንጦንስም ተመሳሳይ ሕግ ማርቀቅ ይቻላል፤ ጥያቄውን በተሟላ ሰነድ ማቅረብ ግን የእኛ የጎንደርና የአዲስ አበባ ተመራማሪዎች ሥራ ነው።