ከሳን ፍራንሲስኮ ደወል እስከ ኪሳችን ስልክ፦ የትኛው ስሎት ይሻላል?

ሞያሌ ላይ መኪና ቆሞ ወረቀት ስንጠብቅ፣ ከልጆቻችን አንዱ ስልኩን ይዞ ይመጣና «ከእነዚህ ሁለት ስሎቶች የትኛው ይሻላል?» ይለናል። አንዱ ላይ ፍራፍሬ፣ ሌላው ላይ የፈርዖን ወርቅ ያብለጨልጫል። እኛ ነጋዴዎች ነን፤ ሳናወዳድር አንገዛም። ታዲያ እዚህ ላይ የሚወዳደረው ምኑ ነው? ለዚህ የማሽኑን ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከጀርመን ባቫሪያ ወደ አሜሪካ የተሰደደ ቻርልስ ፌይ የሚባል መካኒክ፣ በ1890ዎቹ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሊበርቲ ቤል የተባለ ማሽን ሠራ። ሦስት መንኮራኩሮች ነበሩት፤ ባለ 5 ሳንቲም ይገባበትና እጀታው ይሳባል። ሦስት ደወል ከተሰለፈ 50 ሳንቲም ይከፍላል። በ1909 ከተማዋ እነዚህን ማሽኖች ከለከለች። ክልከላውን ለማለፍ በገንዘብ ፋንታ ማስቲካ የሚሰጡ ማሽኖች ወጡ። ዛሬ ስልክ ላይ የምናያቸው የፍራፍሬ ስዕሎች የመጡት ከማስቲካው ጣዕም ነው። ስለዚህ ስዕል ከስዕል ማወዳደር ዕቃውን ትቶ ካርቶኑን እንደመምረጥ ነው።

በድሮው ማሽን ዕድሉን መቁጠር ይቻል ነበር። በእያንዳንዱ መንኮራኩር ላይ 20 ስዕል ካለ፣ ሦስቱ በ8,000 ዓይነት መንገድ ይቆማሉ። በ1984 ግን ኢንገ ቴልነስ የተባለ ሰው በአሜሪካ አንድ ፓተንት አገኘ፦ ቁጥሩን ኮምፒውተር በዘፈቀደ ያወጣል፣ መንኮራኩሩ የታዘዘበት ላይ ይቆማል። ከዚያ ወዲህ ዓይን የሚያየውና እውነተኛው ዕድል ተለያዩ። «ለጥቂት አመለጠኝ» ማለትም ትርጉም አጣ፤ ስዕሉ መስመሩ ጋ መድረሱ ስለሚቀጥለው ዙር የሚነግረን ነገር የለም።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ጨዋታው ወደ ኢንተርኔት ገባ። በ2007 ኬንያ ውስጥ ኤምፔሳ ተጀመረ፤ ለንግዳችን ትልቅ በረከት ሆነ። ነገር ግን የዕቃ መግዣውና የመጫወቻው ገንዘብ አንድ ኪስ ውስጥ የገቡትም በዚሁ መንገድ ነው።

እንግዲህ የሚወዳደረው የመመለሻ መጠኑ ነው፤ ከተመደበው 100 ብር በረጅም ጊዜ በአማካይ ስንቱ ለተጫዋቾች ይመለሳል? የአሜሪካዋ ኔቫዳ ግዛት ለማሽኖቿ ዝቅተኛውን 75 በመቶ ብላ ደንግጋለች። በኢንተርኔት ብዙ ጊዜ 96 አካባቢ ተጽፎ ይገኛል። አንድ ስም ያለው ጨዋታ የተለያየ መጠን ያላቸው ቅጂዎች ሊኖሩት ይችላል፤ የትኛውን እንደሚያቀርብ የሚመርጠው አጫዋቹ ድርጅት ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ጓደኛ ከነገረን ሳይሆን እዚያው ጨዋታ መግለጫ ውስጥ ማየት ነው። ሌላው ልዩነት፣ አንዱ ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ ይከፍላል፣ ሌላው ብዙ ቆይቶ አንዴ ብዙ ይከፍላል። ይህ የገንዘቡን አወጣጥ ይለውጣል እንጂ የቤቱን ድርሻ አይቀንስም።

በእኛ ሥራ እናስላው። ብርን ወደ ሽልንግ፣ ሽልንጉን መልሶ ወደ ብር የሚመነዝር ሰው በየዙሩ ከ100 ላይ 4 ቢቀነስበት፣ 1,000 ብሩ ከ20 ዙር በኋላ ወደ 442 ይወርዳል። 8 ቢቀነስበት ወደ 189 ይወርዳል። ባለ 96 እና ባለ 92 ስሎትም በአማካይ እንዲሁ ናቸው። አንድ ሰው አንድ ቀን ሊያሸንፍ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ባዞረው ቁጥር ግን ስሌቱ ይደርስበታል። ማወዳደር ኪሳራውን ያዘገየዋል፣ ትርፍ ግን አያደርገውም።

ስለዚህ ለልጁ እንዲህ እንለዋለን፦ «ልጄ፣ ከሁለቱ ቁጥሩ ከፍ ያለው ይሻላል። ለመዝናናት ከሆነ ቢጠፋ የማይቆጭህን መድብና ሲያልቅ አቁም። የዕቁቡን፣ የዕቃውንና የሰው አደራ ግን አትንካ።» ወረቀቱ ሲያልቅ ሹፌሩን የምንከፍለው ከዚያው ስልክ ነውና።