ዐውድ፥ ዑደትና ዐውድማ

«ዖደ» የሚለው የግእዝ ግስ «ዞረ» ማለት ነው። ከዚህ ሥር የበቀሉት ቃላት ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ዙረትን አይሰይሙም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ሰባት አዕዋዳት ይቆጥራሉ፤ ዐውደ ዕለት በ7 ቀን፥ ዐውደ ፀሐይ በ28 ዓመት፥ ዐውደ ቀመር በ532 ዓመት ይመላለሳሉ። እነዚህ ዞረው ከተነሡበት ይገጥማሉ። ዐውድማም የዚሁ ሥር ቅርንጫፍ ነው፤ በዐውድማ ላይ ግን በሬው ሲዞር ውሎ ፍሬው ከገለባው ይለያል።

አውሮፓውያን «ሬቮሉሽን» የሚሉት ቃልም መነሻው ዙረት ነው። ኮፐርኒከስ በ1543 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ በርእሱ የያዘው የሰማይ አካላትን ዑደት ነበር። በ1688 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝን ንጉሥ ያስወገዱትም ቀድሞ የነበረ መብታቸውን እንዳስመለሱ ይናገሩ ነበር። ቃሉ መመለስ የሌለበትን አዲስ ጅምር በይበልጥ የያዘው ከ1789 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ሕዝብ ትግል ወዲህ ነው። የእኛ «አብዮት» ግን «አበየ»፥ ማለትም «እምቢ አለ» ከሚለው ግስ የወጣ በመሆኑ፥ በውስጡ ዙረት የለም።

ታዲያ እምቢታችን ከዙረት አዳነን ወይ? ተማሪው በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ ወጣ። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፥ በዐውደ ዓመቱ ማግሥት፥ ከዙፋን ወረዱ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት ታወጀ፤ ጭሰኝነትም ቀረ። ይህ ፍሬ ነው፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወታደራዊው አገዛዝ ከወደቀ በኋላ እንኳ የቀድሞው ባለመሬት አልተመለሰም። በሌላ በኩል ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. የመንግሥት ሥልጣን እንደገና በአንድ ሰው እጅ ተጠቃለለ። ከዐውድማው ሲሶና እኩሌታ ይወስድ በነበረው ባለመሬት ፈንታም፥ ኮታ ሰብሳቢው መንግሥት በቆረጠው ዋጋ እህሉን ይረከብ ጀመር፤ ይህም እስከ 1982 ዓ.ም. ዘለቀ። ሰፋሪው ተለወጠ፥ ሰፈራው ግን ቀጠለ።

ስለዚህ ታሪክ ክብ ነው ወይስ ቀጥ ያለ መስመር እያልን በስደት አዳራሾች የምናደርገው ክርክር ብቻውን ሩቅ አያደርሰንም። አንድ ሥርዓት ወድቆ ሌላው በተተካ ቁጥር፥ ገበሬው በመኸር ማግሥት የሚጠይቀውን ጥያቄ መጠየቅ ይገባናል፤ ፍሬው የትኛው ነው? ከዐውድማው ጭኖ የሄደውስ ማን ነው?