አባት የወሰደው ወረቀት

ጠጋ ጠጋ በሉማ፤ ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ላውጋችሁ። ዲማ ስላችሁ ልባችሁ ጎጃም እንዳይሄድብኝ፤ የቅኔውን ዲማ ጊዮርጊስ ማለቴ አይደለም። የእኔ ዲማ ጋምቤላ ውስጥ ነው፤ ከሚዛን ተፈሪ ተነስታችሁ የበበቃን ቡና እርሻ አልፋችሁ ወደ ቆላው ስትወርዱ የምታገኙት፣ ወርቅ የሚታጠብበት የአኮቦ ወንዝ አገር። ስም ብቻውን ሰውን የት የት እንደሚወስድ አያችሁ? ወጌም እሱው ነው።

እንግዲህ እዚያ አንድ ወጣት ጤና መኮንን አለ እንበል። ልጁን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ የደረሰበት ግን የብዙ ሰው ነው። ወርቅ አጣቢ ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ይቆማል፤ ቢልሃርዝያ ደግሞ በቆዳ በኩል የሚገባው ከውሃ ነው። ልጁ ይህን አስቦ ዓመት ሙሉ መዝገብ ሲያገላብጥ ከረመና ጽሑፉን ጨረሰ። የቀረው ሪፈረንስ፣ የምንጮቹ ዝርዝር ብቻ ነው። «እሱማ የአንድ ማታ ሥራ ነው» ብሎ ተቀመጠ።

ጆርናሉ የሚፈልገው የቫንኩቨርን ሥርዓት ነበር። ድሮ እያንዳንዱ የሕክምና ጆርናል የየራሱን ወግ እየጠየቀ ጸሐፊውን ያንገላታው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ጥቂት አዘጋጆች በካናዳዋ ቫንኩቨር ተገናኝተው በአንድ ወግ ተስማሙ፤ በዓመቱም ታተመ። በዚህ ወግ ጽሑፉ ውስጥ አስቀድሞ የተጠራው ምንጭ 1 ይባላል፤ የሚከተለው 2። አንደኛው ኋላ ተመልሶ ቢመጣም ያው 1 ነው። ዝርዝሩ ላይ የቤተሰብ ስም ይቀድማል፣ የራስ ስም በአንድ ፊደል ይታጠፋል፤ ከዚያ ርዕሱ፣ በአጭሩ የተጻፈ የጆርናሉ ስም፣ ዓመቱ፣ ቅጹና ገጹ ይከተላሉ።

ልጁ ቁጥሩን በእጁ እየጻፈ 34 ደረሰ። ሊተኛ ሲል መግቢያው ላይ የረሳው ጥናት ትዝ አለውና ከ3 ቀጥሎ ሰካው። ጉድ ፈላ! 4 የነበረው 5 ሆነ፣ 5 የነበረው 6፣ 6 የነበረው 7። አንዱን ሲያርም ሌላው ሲያመልጠው ዶሮ ጮኸ። ሲነጋ ያስተማሩት ዶክተር ዘንድ ደወለ።

«እንደምን አደሩ ዶክተር? ሪፈረንሱ ገደለኝ።»

«በእጅህ ነው እንዴ የምትቆጥረው? አንተ ልጅ! ዞቴሮ የሚባለውን ፕሮግራም ጫን፣ ገንዘብ አይጠይቅህም። ቁጥሩን እሱ ይጠብቅልህ፤ ስሙን ግን አንተ ጠብቅ።»

ልጁ ጫነ። ቁጥሩ እንደ ሰልፈኛ ተሰለፈለት። «ስሙን አንተ ጠብቅ» ያሉት ግን አልገባውም ነበር፤ ዝርዝሩን አትሞ እስኪያነብ ድረስ። አንዱ መስመር ላይ «ኤጀንሲ ሲ ኤስ» የሚባል ሰው ተቀምጧል። ማን ነው ይሄ? ለካ ሴንትራል ስታትስቲካል ኤጀንሲ ነው! ፕሮግራሙ የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም ነው ብሎ መሥሪያ ቤቱን ሰው አደረገው። የተቋም ስም ሳይከፈል ሙሉውን በአንድ ሳጥን ቢሞላ ይህ ባልመጣ። ወረድ ሲል ደግሞ 2008 ዓ.ም. የተጻፈበት የአማርኛ ሪፖርት አለ። ልጁ 2008ን እንዳለ አስገብቶት፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር 2015 እና 2016 ላይ የሚውለው ሪፖርት ከነጎረምሳነቱ ሸበተ።

ይህ ሁሉ ይታረማል። ዋናው ጉድ ስሙ ላይ ነው። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር እኛ ዘንድ የለም፤ የራስ ስም አለ፣ የአባት ስም አለ። ወጉ ግን ኋላ የቆመውን ወደ ፊት ያመጣና ባለሥራውን ፊደል ያደርገዋል። ልጅ ሠራ፣ አባት ተጠራ። ገብረ ማርያምና ወልደ ዮሐንስ የመሰለ ጥንድ ስም ከሆነማ ይባስ ብሎ መሐሉ ላይ ይሰነጠቃል፤ ማርያም በአንድ ወገን፣ ገብረ በሌላ ወገን።

ጋምቤላ ሲደርስ ደግሞ አንዷ ፊደል ራሷ ትደክማለች። ከአኙዋክ ወንዶች ብዙዎቹ ስማቸው በ«ኦ» ይጀምራል፣ ከሴቶቹ ብዙዎቹ በ«አ»። ለምሳሌ አባት ኦቻን፣ ልጆች ኦኬሎ፣ ኦሞድና ኦጁሉ በሉ። ሦስቱም ተምረው ሦስቱም ቢጽፉ፣ ዝርዝሩ ላይ ሦስቱም «ኦቻን ኦ» ናቸው። ኑዌሮች ዘንድ ብትሄዱም «ጋት» ብሎ የሚጀምር የወንድ ስም፣ «ኛ» ብሎ የሚጀምር የሴት ስም ሞልቷል፤ ልጅነትን የሚናገሩ ናቸው። ጋትሉዋክና ጋትዌች ወንድማማች ቢሆኑ ያው በአንድ «ጂ» ተጠቅልለው ይቀራሉ። እናት ለይታ ያወጣችውን ስም ወረቀት መልሶ ቀላቀለው።

ልጁ ተናደደ። «እኔ አስተካክለዋለሁ!» ብሎ የሐበሻውን ሁሉ ስም እየገለበጠ ሲያርም 7ኛው ላይ ደረሰ። 7ኛው የእንዶዱ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣዋ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ናትና ነገሩን ተከታትለው በማግስቱ ዓመት በኢትዮጵያ ሕክምና ጆርናል ቅጽ 3 አወጡት፤ በ1970 ደግሞ በዓለም ጤና ድርጅት ቡለቲን። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ተቋም የሚጠራው በአክሊሉ ለማ ነው። የጥናት ማውጫው ግን «ለማ ኤ» ብሎ ነው የመዘገባቸው።

ልጁ «አክሊሉ» ብሎ አስቀድሞ ሊጽፍ ጣቱን ካነሳ በኋላ ቆመ። ነገ አንድ ሌላ ሰው ይህን ዝርዝር ይዞ ወረቀቱን ሊፈልግ ቢወጣ፣ በ«ለማ» የተመዘገበን ሰው በ«አክሊሉ» ሲፈልግ ይውላል። ክብር ልስጥ ብሎ መንገድ ሊዘጋ ነው። ዶክተሩ ዘንድ ደግሞ ደወለ።

«ዶክተር፣ ስሙን ልጠብቅ ብል ፈላጊ ያጣዋል፤ ልተወው ብል አባትየው ይወስደዋል። ምን ይሻለኛል?»

«ዝርዝሩ ላይ እንደታተመ ተወው፤ እሱ አድራሻ ነው። ጽሑፉ ውስጥ ግን ቦታ አለህ አይደል? እዚያ ሰውየውን በሙሉ ስሙ ጥራው። የራስህን ስም ደግሞ ከመጀመሪያው ወረቀትህ ጀምረህ በአንድ አጻጻፍ አጽና፤ ዛሬ በአንድ «ኤም»፣ ነገ በሁለት «ኤም» አትጻፍ። ኦርኪድ የሚባለውን ባለ 16 አሃዝ መለያም አውጣ። ወንድምህ ቢጽፍ እንኳ ከእሱ ትለያለህ።»

ልጁ ያረመውን ሁሉ መለሰ። 7ኛው ላይ «ለማ ኤ» እንደነበረ ቀረ። ከዚያ ወደ መግቢያው ወጣና «እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ታውቋል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሰረዘው። በቦታው «አክሊሉ ለማ እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል አሳዩ» ብሎ ጻፈ፤ ጫፉ ላይም 7 ቁጥርን አስቀመጠ።

በሉ፣ ቡናው ፈልቷል።