አለቃ

በሠራዊት ማዕረጋችን ውስጥ ቁጥር አለ። አሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ፤ ሻለቃም የሺህ አለቃ ነው። ሰውየው የሚጠራው በሥሩ ባሉት ሰዎች ልክ ነበር (ዛሬ ቁጥሩ በቀጥታ አይያዝም)። በቤተ ክህነት አለቃ የደብር አስተዳዳሪ ነው። አለቃ ገብረ ሐና፣ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ስንል ግን ከሹመቱ ይልቅ ዕውቀቱን ነው የምናከብረው።

ይህን ቁጥር ወደ ንግዱ ብናመጣውስ? በ2003 ዓ.ም. የወጣው የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ፣ በሰው ኃይል በኩል፣ ባለቤቱን ጨምሮ እስከ 5 ሰው ያለውን ጥቃቅን፣ ከ6 እስከ 30 ያለውን አነስተኛ ይለው ነበር። በቁጥር ከሄድን ብዙው ባለሱቅ አሥር አለቃነትም አይደርስ!

ቃሉ ግን የእንጨት ሥራ ቤትም ገብቷል። «አለቃ የለም» ይሉሃል፤ የመሣሪያ ሳጥኑን ቁልፍ በኪሱ ይዞ ባንክ ሄዷል። ሠራተኞቹ ጣውላው ላይ ተቀምጠው ስልክ ይነካካሉ፤ በሩ ላይ ደንበኛ ዋጋ ይጠይቃል፤ ዋጋ የመናገር ሥልጣን ያለው የለም። የደብር አለቃ እንኳ ንብረቱን የሚይዝለት ገበዝ አለው። እንዲህ ያለው ባለቤት ሠራተኞቹ ሰነፎች እንደሆኑ ሲያማርር ብሰማ አላምነውም። ጠዋት ማን ምን እንደሚሠራ ጥቂት ደቂቃ ተነጋግሮ፣ ለአንዳቸው ቁልፉንና የዋጋ ዝርዝሩን ሰጥቶ ቢወጣ፣ ባንክ ወረፋ ላይ ቢውልም መጋዙ አይቆምም።