ደንባራው ዳማ

እስቲ ጠጋ በሉና የአንድ ደንባራ ዳማ ፈረስ ታሪክ ላውጋችሁ።

አገሩ አዊ ነው፤ እንጅባራ አጠገብ፣ ከዘንገና ሐይቅ ብዙም የማይርቅ ቀበሌ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ፈረሰኛው ጥር 23 ቀን አጊጦ ይወጣል። ዳማውም ለዚያ ቀን የታሰበ ነበር። ታዲያ ምን ያደርጋል! የቀርከሃ አጥር ላይ የተሰካ ፌስታል በነፋስ ሲንኮሻኮሽ ከሰማ ዓይኑ ይፈጣል፣ አፍንጫው ይነፋል፣ ገመዱን ነጥቆ ይፈረጥጣል።

ፈረሱን የሚገራው ልጅ ተናደደና ጅራፍ አነሣ። አጎቱ እጁን ያዙት።

«ተው ልጄ! አሁን ብትገርፈው ፌስታል ባየ ቁጥር ጅራፍህ ነው የሚታየው።»

እውነታቸውን ነው። በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ የሚባለው ይኸው ነው። እኔም በዱላ ተገራ የሚሉትን ፈረስ አላምነውም፤ ፍርሃቱን ደበቀ እንጂ መቼ ተወው?

ሽማግሌው ፊት ለፊት አልሄዱበትም፤ ፈረስ ዙሪያውን ቢያይም ከግንባሩ ሥርና ከጭራው ኋላ ያለው ይሰወርበታል። በትከሻው በኩል ተጠግተው ገመዱን ያዙና ወደ ኋላ መለሱት። ፌስታሉን እያየ ገብስ መቅመስ እስኪችል ድረስ አራቁት። የተሸበረ ፈረስ ገብስ አይታየውም፤ መብላቱ ትልቅ ምልክት ነው። ከዚያ ወደ አጥሩ ያመሩ ጀመር። አንድ እርምጃ ሲራመድ ገመዱን ያላሉለታል፤ ሲያመነታ ዝም ብለው ይቆማሉ። ብዙ ቆይቶ ዳማው አንገቱን ዝቅ አደረገ፣ ከንፈሩን ላሰ። ይኼኔ ጋማው ሥር፣ ፈረሶች እርስ በርስ የሚተካከኩበት ቦታ ላይ አከኩለት።

«በል አስገባው።»

«አጎቴ፣ መድረሱ እኮ ነው!»

«ለዚሁ ነው! ሳይፈራ ይግባ።»

በማግስቱ በቀኝ ዓይኑ ሲያየው እንደ አዲስ ደነበረ፤ እንደ አዲስ አለማመዱት። ዋና አጋዣቸው አሮጊቷ ባዝራ ነበረች። እሷ ከፊት ሆና ፌስታሉን አሽትታ ስታልፍ እሱ ጆሮውን ቀስሮ ያያታል። በኋላ ማንም ሳይስበው ሄዶ በአፍንጫው ነካው።

የኮርቻውን ነገር ላሳጥረው፦ መጀመሪያ ባዶ ጆንያ፣ ቀጥሎ ኮርቻ፣ ከዚያ ልጁ በሆዱ ተጋድሞበት፣ በመጨረሻ እግር በእርካብ።

ጥር 23 ደረሰ። እልልታ፣ ሽለላ፣ በቀለም ያጌጠ ግላስ፣ አቧራ! አጎቱ ዳማውን ከሜዳው ዳር፣ ከባዝራዋ ጎን አቆሙትና ገብስ አቀረቡለት። ትንሽ ተርበተበተ፤ ከዚያ አጎነበሰ።

«አጎቴ፣ እየበላ ነው! ልጋልበው?»

«እየበላ ከሆነማ ተወው። ዘንድሮ ይይ፣ ይስማ፤ ግልቢያው ለከርሞ ይደርሳል።»